ሐረጉ ነጠላዋን ያልዘቀዘቀችበት ቀን

ያን እሁድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። መድረኩ ላይ ሐረጉ። ከጎኗ ክራራቸውን ታቅፈው አቶ ተኽለ፣ የድሮው የኪነት ቡድን ሰው። ከፊት ወንበር ላይ የሐረጉ ባል የጎይትኦም እህት ኣደይ ምሕረት፣ እማማ ምሕረት እንደ ማለት ነው፣ ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው፤ ከአጠገባቸው ለቅሶ አብረዋቸው የሚደርሱ የሰፈር ሴቶች። ከኋላቸው ከኢንዱስትሪ ፓርክ የመጡ ልጆች፣ የልጄ የሐያት የልብስ ፋብሪካ ጓደኞች። ሁለት መምህራን። ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጡ፣ እንደ አባቴ ከወሎ የመጡ ሰዎች። ከሁሉ ኋላ እኔና ሐያት፣ ልክ በሩ ሥር፤ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እኔ በር ሥር ነው የምቀመጠው። መድረኩ ላይ ደግሞ አንድ ባዶ ወንበር ነበር። ሐረጉ ለባሏ ለጎይትኦም ያስቀመጠችው ነው። ጎይትኦም በጦርነቱ ጊዜ እናቱን ከገጠር ሊያመጣ ወጥቶ እስካሁን አልተመለሰም።

ለመሄድ አልፈለግሁም ነበር። ከዓይናለም ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ሰፈራችን የሚደርሰው ያን ቀን ነው፤ ጀሪካኖቹን ደርድሬ ቧንቧው ሥር መጠበቅ ነበረብኝ። ሐያት ጫማዬን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው።

«ውሃው ሊመጣ ነው እኮ» አልኳት።

«እማ፣ ይኼ ውሃ ሲጠብቁት አይመጣም። እንሂድና ስንመለስ አብረን እናማዋለን።»

አዳራሹ ሰሜን ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው፤ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር ያለ፣ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ። ወጣቶች ግድግዳውን በኖራ ቀብተው፣ ጣውላ ደርድረው መድረክ አድርገውታል። መብራት ጠፍቶ ነበር። ብርሃን የሚገባው በበሩና በቆርቆሮው ቀዳዳ ብቻ ነው። ሐረጉ የማይሠራውን ማይክሮፎን አንስታ ጥግ አቆመችው። ከዚያ ታጥፎ የነበረውን ነጠላዋን ፈትታ አራገፈችው። የብል መድኃኒት ሽታ እኔ ድረስ መጣ።

ያ ሽታ የሐረጉ ሣጥን ሽታ ነው። ልጅ ሳለሁ እኛና እሷ አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። የኛን ክፍል ከነሱ ክፍል የሚለየው ጋዜጣ የተለጠፈበት ኮምፔንሳቶ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይላል። አባቴ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይነግዳል። ሐረጉና ጎይትኦም ደግሞ የዜማ ተውኔት ተጫዋቾች ነበሩ፤ ንግግሩ ሁሉ በዘፈን የሆነ ቴአትር ማለት ነው። አልጋዋ ሥር ቀይ የቆርቆሮ ሣጥን ነበራት። በውስጡ የኩል ብልቃጥ፣ የፕላስቲክ ጽጌረዳ፣ ክሩ ሲወጣ በእርሳስ የምታጠነጥናቸው ካሴቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጠላዋ።

ነጠላውን የገዛችው ከአባቴ ነው። ጥለቱ ጠባብ የሆነውን ሁሉ እየመለሰች አስቸገረችው። «ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጥለቱን ካላየ ማን እንደሆንኩ አያውቅም» አለችው። አባቴ ሳቀና «አንቺስ ነጠላ ሳይሆን ምንጣፍ ነው የምትፈልጊው» አላት። በመጨረሻ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ስፋቱ ስንዝር የሚሆን አገኘላት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቡድኑ ድሃ ስለሆነ የሚቀያየር ልብስ አልነበራቸውም። ሐረጉ ያችኑ አንድ ነጠላ ይዛ ሰው ትለዋውጣለች። ስትከናነባት ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም አሮጊት ትሆናለች። ትከሻዋ ላይ ጣል ስታደርጋት ገበያ የወጣች ኮረዳ። ወገቧ ላይ ስታስራት እንግዳ የምታስተናግድ የቤት እመቤት። ጥለቱ አንገቷ ሥር እንዲሆን ስትዘቀዝቃት ደግሞ ሰው የሞተባት ሐዘንተኛ። አገሩ ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ አስረጂ አያስፈልግም። ፊቷ ሳይቀር ከነጠላው ጋር ሲገለባበጥ ይታየኝ ነበር።

እኔንም አስተማረችኝ። እናቴ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ነጠላውን ታለብሰኝና «ማን ነሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ?» ትለኛለች። እኔ «ሙሽራ»፣ «አሮጊት» እያልኩ እመልሳለሁ። አንድ ቀን ዘቅዝቄ ለብሼ፣ ደረቴን ይዤ ስወዛወዝ እናቴ ዱቄቷን እንደተሸከመች ደረሰች። ነጠላውን ከላዬ ገፈፈችው።

«የማንን ሞት ነው የምትጠሪው? የአባትሽን?»

ሐረጉ መሃላችን ገባች። «ተይ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ። ጨርቅ ሰው አይገድልም።»

«ላንቺ አይገድልም ይሆናል» አለች እናቴ። «እኔ ያለኝ አንድ ባልና አንዲት ልጅ ነው።»

እኔ ከሁለቱ እናቴን መሰልኩ። ዛሬም የታጠበ ልብስ ሳሰጣ እንኳ ነጠላ ተገልብጦ ካየሁ ሳላስተካክል አላልፍም። ሐያት ከፋብሪካ ካመሸች የጫማዋን ኮቴ እስክሰማ ቁጭ አልልም። ሐረጉን ግን በልቤ አስቀምጫት ኖሬአለሁ፤ እንደሷ መሆን ስላልቻልኩ ይሆናል።

የሚለማመዱት ከግድግዳው ወዲያ ነበር። አንዱን ተውኔት ከሁሉ አብልጬ እወደው ነበር። አንድ ነጋዴ ጨው ሊያመጣ ወደ በረሃ ይወርዳል። «ሞቷል» የሚል ወሬ ይመጣል። ሚስቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ስታለቅስ፣ ባልየው ከበር ውጭ ሆኖ ይዘፍናል። ጎይትኦም ለዚህ ቦታ ሲደርስ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ውሃ መቅጃችን አጠገብ ቆሞ ነበር የሚለማመደው። ዘፈኑ በትግርኛ ነው፤ ሐሳቡን እንዲህ ልበለው፦

ክፈቺልኝ በሩን፣ እኔው ነኝ መጣሁ፣
መንገዱ ረዘመ እንጂ፣ እኔስ መች ጠፋሁ።

እኔ ማሰሮ እያጠብኩ ከንፈሬን ብቻ እያንቀሳቀስኩ አብሬው እዘፍን ነበር። ድምፄን አውጥቼ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ስደርስ ትምህርቱም ቀረ፣ እነሱም ቤት ለወጡ፣ እኔም አገባሁ። ዘፈኑ ግን ካንደበቴ ሥር አልወጣም።

ከሰላሙ በኋላ ለብዙ ቤት መርዶ መጣ። ለሐረጉ አልመጣም። አየሁ ያለም፣ ቀበርኩ ያለም የለም። ኣደይ ምሕረት ግን መጠበቁ አደከማቸው። ወንድማቸው ነውና አልፈርድባቸውም። ነጠላቸውን ዘቀዘቁ፤ ተዝካር እናውጣ፣ ድንኳን እንጣል አሉ። ሐረጉን ሽማግሌ ልከው አስለመኗት። እሷ ለሁሉም አንድ መልስ ነበራት፦ «ማን አረዳኝ? ያላረዱኝን አላለቅስም።» ከዚያ ይባስ ብላ እዘፍናለሁ ስትል ሰፈሩ ተንጫጫ። ባሏ የት እንደወደቀ ሳይታወቅ መድረክ ትወጣለች ተባለ። ልታለቅስ ነው የወጣችው ያሉም ነበሩ። ኣደይ ምሕረት ከፊት የተቀመጡት ይህን ሊያዩ ነው። እኔም ወንበሬን በሩ ሥር ሳደርግ የፈራሁት በሰው ፊት ሲያዋርዷት ማየትን ነው።

ተውኔቱን ብቻዋን ጀመረችው። አሮጊቷንም ሆነች፣ ኮረዳዋንም ሆነች። የጎይትኦም ተራ ሲደርስ ወደ ባዶው ወንበር ዞራ ዝም ትላለች፤ አቶ ተኽለ የእሱን ዜማ በክራር ይመቱላታል። ድምፅዋ አርጅቷል፤ ላይ ሲወጣ ይሻክራል። እሷ ግን አልሸሸገችውም፣ ሻካራውን እንዳለ ትለቀዋለች። የፋብሪካው ልጆች ስልካቸውን ሳያነሱ አዩ።

ከዚያ የወሬው ቦታ ደረሰ። ነጠላውን ከትከሻዋ አወረደች፣ በሁለት እጇ ዘርግታ ያዘችው፣ አረንጓዴው ጥለት ወደ ላይ ሆነ። ከፊት ያሉት ሴቶች ቀና አሉ። ኣደይ ምሕረት በለሆሳስ፣ ግን ሁላችንም በሰማነው ድምፅ «ልበሺው፣ ሓፍተይ። አልቅሺና ይውጣልሽ» አሏት።

ክራሩ ቆመ። ሐረጉ አልተቆጣችም።

«ኣደይ ምሕረት፣ በተውኔቱ ውስጥ እኮ ሴትዮዋ ተሳስታለች» አለች። «መጨረሻውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ሳይሞት አለቀስኩለት፣ እናንተም እያጨበጨባችሁ። አሁን እያወቅሁ አልሳሳትም።»

ነጠላውን መልሳ አዞረችው። ጥለቱ ወደ ታች ወረደ። እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ወገቧ ላይ አሰረችውና ለአቶ ተኽለ ራሷን ነቀነቀች። አቶ ተኽለ ዜማውን አንስተው ልክ ከበር ውጭ ድምፅ መምጣት ያለበት ቦታ ላይ አቆሙ። እሷ ወደ ባዶው ወንበር አልዞረችም። በሩን ነው ያየችው።

ከፊት አንዷ ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ዝምታው በረዘመ ቁጥር ኣደይ ምሕረት ያሉት እውነት እየሆነ የሚሄድ መሰለኝ። ሐረጉ በሩን ታያለች፤ በሩ ሥር ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። የቤት ቁልፌን ጨብጬ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ የጎይትኦምን ዘፈን ዘፈንኩ። ድምፄ ወጣ። «እማ» አለች ሐያት። ሐረጉ ከእኔ አልፋ በሩን ታያለች፤ ማን እንደዘፈነ ለማየት አልሞከረችም። የሚስቲቱን መልስ ተቀብላ፣ እጇን ወደ በሩ ዘርግታ፣ እስከ መጨረሻው ወሰደችው። የፋብሪካው ልጆች አዝማቹን ያዙ። ግጥሙን የማያውቁት የወሎ ሰዎች በጭብጨባ ደገፏት።

ሲያልቅ ኣደይ ምሕረት ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ነጠላቸው እንደተዘቀዘቀ ነበር። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እዚያ ላይ ጎይትኦም ድምፁን ዝቅ ነው የሚያደርገው» አሉኝ። «አንቺ አስጮህሽው። ሲመጣ ያሳይሽ።» ያሉትን ራሳቸው የሰሙት ዘግይተው መሰለኝ፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ሄዱ።

ቤት ስንደርስ ውሃው መጥቶ ሄዷል። ሐያት ባዶውን ጀሪካን እየደረደረች ያንን ዘፈን ታንጎራጉር ነበር፣ ዝቅ አድርጋ፣ ኣደይ ምሕረት እንዳሉት። እኔ ከእናቴ ፍርሃት ወርሻለሁ፣ ለልጄም አካፍያለሁ። ከሐረጉ ያገኘሁት ግን አንድ ጊዜ ከወንበር መነሳትን ነው፤ እሱንም ሐያት አይታዋለች።

ጎይትኦም ረጅም ነው። ቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ሲራመድ ያንጎራጉራል፣ ሰው ሲጠራው ቶሎ አይሰማም። የወጣው ወደ ዓብይ ዓዲ በሚወስደው መንገድ ነው፣ ቡናማ ካፖርት ለብሶ። ያየው፣ አብሮት ያደረ፣ ስሙን የሰማ ሰው ካለ ለሐረጉ ይንገርልን። ደግም ይሁን ክፉ፣ ካየ ሰው አፍ ትስማው።