ቀትር ላይ የሚከደነው የተራራ አበባ

ልጄ በተራራ ሜዳ ላይ የሚበቅል፣ በዓለም ላይ የሌለ የአበባ ወገን ፈጠረች። የሳይንስ መምህሯ የሰጡት ሥራ ነው፦ ከአደይ አበባ ቤተሰብ የሆነ ወገን ከራሳችሁ አውጡ፣ ሳሉት፣ ቅዳሜ ወላጆቻችሁ ባሉበት ቆማችሁ አስረዱ።

ስዕሉ አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ መቆሙ ነው። አምና ስታነብ ተስቆባት፣ ከዚያ ወዲህ በክፍል ፊት ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሌላ ልመና አልነበረኝም።

ወገኑን «ጤዛዬ» አለችው። ሦስት ዝርያ አለው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ ወይን ጠጅ። ከስዕሉ ሥር «አበባው ስድስት ሰዓት ላይ ይከደናል፤ አሥር ሰዓት ላይ ይከፈታል» ብላ ጻፈች።

እኔ ያደግሁት ደጋ ነው። «ልጄ፣ እዚያ አበባ በቀትር ነው የሚፈካው» አልኳት። «የሚከደነው ማታ፣ ውርጭ ሲመጣ ነው።»

«ፀሐይ አያቃጥለውም?»

«ፀሐይዋን ሲጠብቅ ነው የሚያድረው።»

አላመነችኝም። ድሬዳዋ ተወልዳ ያየችው፣ በቀትር ሱቁ ሲዘጋና ሰው ጥላ ፈልጎ ጋደም ሲል ነው።

ጎረቤቴ በራችን ላይ ቆማ ትሰማን ነበር። «አቦ ተያት» አለችኝ። «አበባው የድሬ ልጅ ነው። ከእንቅልፉ አትቀስቅሺው።»

«መምህሩም እንደ እማዬ ቢጠይቁኝስ?» አለች ልጄ።

«ትመልሻለሻ። ካንቺ በላይ ማን ያውቀዋል? የፈጠርሽው አንቺ።»

«ፈጣሪስ አንድ ነው» አልኩ።

«እሺ ወላሂ፣ የሳለችው እሷ ናት» ብላ እየሳቀች ሄደች።

ልጄ ወጣ ስትል ላጲሱን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ተራዋ ደረሰ። ቀስ ብላ አነበበች። መምህሩ የፈራሁትን ጠየቁ፦ «ተራራው ብርድ ነው። ለምን በቀትር ይከደናል?»

ወደ ስዕሉ ጎንበስ አለች። እኔም በልቤ «አቤቱ» አልኩ።

«ነጩና ቢጫው በቀትር ይፈካሉ» አለች በመጨረሻ። «እንደዚያ ዓይነቱን እናቴ አይታለች። ወይን ጠጁ ግን በዚያ ሰዓት ቢከፈት ንቦቹ አይደርሱትም፤ ነጩና ቢጫው ጋ ናቸው። ስለዚህ ይተኛል። አሥር ሰዓት ላይ እነሱ ሲጠወልጉ ይነሳል፣ ንቦቹ ሁሉ የእሱ ይሆናሉ።»

መምህሩ ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ዘመዶቿ ገጠር፣ ጀልዴሳ፣ ፍየል የሚያረቡ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ፍየል ይበላዋል?»

«አንዴ ይቀምሰዋል፤ ይመረዋል። ከዚያ ለሌሎቹ ሄዶ ይነግራል።»

ክፍሉ ሳቀ። የአምናው ሳቅ ትዝ ብሎኝ አቀረቀርኩ። ቀና ብዬ ሳያት ከሁሉም አብልጣ የምትስቀው እሷ ናት።

«በቃ ልጄ፣ ተቀመጪ፤ ሌላ ሰው ይጠብቃል» አሉ መምህሩ።

«ሥሩ ቀርቶኛል» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅም ስለ ሥሩ ጀመረች። ተመስገን። ረጅም ሥር ነበረው።