ሁለተኛው ሲዲ

የታሰርኩት ሲዲ ስቀይር ነው።

ሚዛን ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቪዲዮ ቤቴ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የድሮ ፊልም አሳይ ነበር። ጎረቤቶቼ በኳስና በድብድብ ፊልም ቤታቸውን ሲሞሉ እኔ በጥቁርና ነጭ ድርቅ አልኩ። «እሱ ቤት ያሉት ተዋንያን ሁሉ ሞተዋል» እያሉ ያሾፉብኛል። ይበሉ። ስክሪኑ ስር በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ለሕዝቡ ሰጥቼ፣ ማይክ ይዤ እተረጉማለሁ። ገበያተኛውም ቡናውን ሸጦ ይገባል።

ያን ቀን የነበረው የሩቅ አገር ገበሬ ታሪክ ነው። ባለርስቱ ልቀቅ ሲለው «ከአባቴ መሬት አልነቀልም» ይላል። ይህን ስተረጉም አንድ ሰው ከኋላዬ «እውነቱን ነው!» ብሎ አጨበጨበ፤ ቤቱ ተከተለው። ጊዜው ደግሞ ስለ መሬት ማንሾካሾክ እንኳ የሚያስፈራበት ነበር። አንደኛው ሲዲ አልቆ ሁለተኛውን ሳወጣ በሩ ተበረገደ። ፖሊሶች እኔንና በር አካባቢ ያገኟቸውን ሰዎች ጭነው ወሰዱን።

ያስገቡን ክፍል ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር። ጀንፈሉ፣ ያልተፈለፈለው ደረቅ ቡና፣ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ከግድግዳው አልለቀቀም። መስኮት የለውም። የሲሚንቶው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮኽ ተጠጋግተን ነበር የምናወራው።

አጠገቤ የተቀመጡት ከሸኮ ለገበያ የመጡ ቡና ገበሬ፣ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። ገና ሲናገሩ በድምፃቸው አወቅኳቸው፤ «እውነቱን ነው!» ያሉት እሳቸው ናቸው። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሚስታቸው ወባ ጥሏት ቤት ተኝታለች። መድኃኒቷን ገዝተው ዝናቡን ለማሳለፍ ነበር እኔ ቤት የገቡት። ሲይዟቸው መድኃኒቱን ለአንድ የአገራቸው ሰው አሸክመውታል፤ ይድረስላት አይድረስላት ግን አያውቁም።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ አይጮህም።

«ጭብጨባውን ማን ጀመረው? ጠቁመኝና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ።»

«አላየሁም።»

«በገዛ ቤትህ?»

«አስተርጓሚ ፊቱ ወደ ስክሪኑ ነው። ሄደህ እይ፤ የኔ በርጩማ ወደ ሕዝቡ አይዞርም።»

«ድምፁንስ አልሰማህም?»

ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። ብጠቁም እኔ ቤቴ እገባለሁ፣ እሳቸው ግን ያቺን ሴት ዳግመኛ ላያዩአት ነው።

«ማይክ የያዘ ሰው የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው» አልኩት።

«ጊዜ አለን» ብሎ መለሰኝ።

አባባ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ካስጨነቁህ እሱ ነው በል። እኔ አርጅቻለሁ፤ ምን ያረጉኛል?»

«እኔ ያየሁት ስክሪን ነው፣ አባባ።»

ባዶውን ግድግዳ በአገጫቸው እያሳዩ፣ «እንግዲያው ሁለተኛውን ሲዲ አሳየን» አሉ።

እስረኛው ሁሉ ወደ አንዱ ግድግዳ ዞረ። እኔም እንደ ልማዴ ጀርባዬን ሰጥቼ ግድግዳው ስር ተቀመጥኩና ጀመርኩ። ገበሬው ይታሰራል። ይሰነብታል። ሲፈቱት በእግሩ አገሩ ገብቶ ደጃፉን ያንኳኳል። እውነተኛው ፊልም የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው፤ የሚከፍትለት የለም፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። አባባ ከኋላዬ ትንፋሻቸውን ውጠው ይጠብቃሉ።

«ሚስቱ ከፈተችለት» አልኩ። «‹ቆየህሳ› አለችው።»

ክፍሉ አጨበጨበ። ዘቡ በሩን በእርግጫ መትቶ «ምንድነው?» ሲል፣ አባባ «ፊልም ነው» አሉት።

ማንም ስላልጠቆመባቸው አባባ ቀድመውኝ ተፈቱ። እኔ ሰነበትኩ።

ቪዲዮ ቤቴ ዛሬም አለ፤ ድርቅናዬም እንዳለ ነው። በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ያንኑ ፊልም ከነሁለተኛው ሲዲ አቀረብኩ። አባባ ባለቤታቸውን ይዘው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። መጨረሻው ሲቃረብ አፈርኩ። ያን ጊዜ የነገርኳቸው ስክሪኑ ላይ የለም። ሰውዬው አንኳኳ፣ እኔ ማይኩን ዝቅ አደረግኩ፣ ስክሪኑ ጠቆረ።

«ይቺ ደግሞ የት ሄዳ ነው?» አሉ ባለቤታቸው ጮክ ብለው። «እኔ ከነትኩሳቴ ተነስቼ ከፍቼልህ የለም እንዴ?»

«ከፍተሻል» አሉ አባባ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በርጩማዬን ወደ ሕዝቡ አዞርኩ።