የጋሽ ወርቅነህን እርጅና ገልብጠን የፈረምን ሰዎች

ጋሽ ወርቅነህ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ትራንስቫል ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው ለሥራ ሊወጡ ጫማቸውን ሲያስሩ ልባቸው ቆሞ አርፈዋል። ጡረታ ለመውጣት አራት ወር ቀርቷቸው ነበር። በጸሎት ቤትም በሥራም ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ስለ እሳቸው አንድ ነገር ማስተካከል ስላለብኝ ነው።

ሮተርዳም ውስጥ ለመርከቦች ዕቃ በሚያቀርብ ድርጅት የመጋዘን ጸሐፊ ነበሩ። ከጉባኤያችን ስምንታችንን እዚያ ያስገቡን እሳቸው ናቸው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ አጥቼ ስንከራተት፣ አለቃቸው ቢሮ በር ላይ ግማሽ ቀን ቆመው ነው ያስቀጠሩኝ። እሑድ ደግሞ ዴልፍስሃቨን በተከራየነው አዳራሽ አምልኮው ሲያልቅ፣ ያልከፈትናቸውን ደብዳቤዎች ይዘን ጠረጴዛቸው ዙሪያ እንሰለፋለን። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ፖስታ አይናከስም፤ ክፈቱት!» ይሉን ነበር።

የጡረታ ቁጠባው ፎርም የመጣ ጊዜም ተሰለፍን። ከደመወዛችን በየወሩ የሚቀመጠው ገንዘብ በምን ላይ እንዲውል እንድንመርጥ ነበር የተጠየቅነው። አንዱ መንገድ ረጋ ያለ፣ ብዙም የማያድግ፣ ለጡረታ ለተቃረበ ሰው የሚሆን ነው፤ ሌላው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ግን ገና ብዙ ዘመን ላለው ወጣት ያፈራል። ጋሽ ወርቅነህ ፊርማና ቀን የት እንደሚጻፍ ሊያሳዩን የራሳቸውን የተሞላ ፎርም ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ለጸሎት ተጠርተው ሄዱ። ከመካከላችን እዚህ አገር ያደገው ናኦል «ጋሽዬ፣ አንተ የቱን መረጥክ?» ብሎ ከኋላቸው ጮኸ፤ አልሰሙትም። እኛም አላነበብንም። ታላቅ የመረጠውን መምረጥ አክብሮት መስሎን ስምንታችንም የእሳቸውን ምልክት ገለበጥን። እሳቸው ስድሳ ሞልቷቸው ነበር፤ እኔ ሃያ ስድስት።

ከዓመታት በኋላ የቁጠባዬን መግለጫ አሳየኋቸው። ደጋግመው አነበቡትና ፊታቸው ጠቆረ።

«የኔን እርጅና ገልብጣችሁ ነው የፈረማችሁት?» አሉኝ።

በማግስቱ ኤችአር ቢሮ አብረን ገባን። ኃላፊዋ ፎርሞቹን አገላብጣ አየችና፣ ድርጅቱ ከመድን ኩባንያው ጋር ያለው ውል እስኪያበቃ ምርጫው እንደማይለወጥ ነገረችን። ገንዘቡን ማውጣት አይቻልም፤ ማዛወርም አይቻልም። «አፍስፕራክ ኢስ አፍስፕራክ» አለች፤ ውል ውል ነው ማለቷ ነው። የታሰርነው በገዛ ፊርማችን ስለሆነ የምንጮህበት ሰው እንኳ አልነበረንም።

ጋሽ ወርቅነህ ግን በስድሳ አራት ዓመታቸው ከድርጅቱ ጋር ለሚደራደረው የሠራተኞች ምክር ቤት ተወዳደሩ። በስብሰባ ላይ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ ሰው! ቅዳሜ ቅዳሜ ስኬቨኒንገን ባሕር ዳር እየተመላለሱ ንግግራቸውን በሆላንድኛ ያጠናሉ፤ አራሚያቸው እኔ ነበርኩ። ነፋሱ ወረቀታቸውን ሲቀማቸው «ይኸው፣ ድርጅቱ መልስ ሰጠ» ብለው ይስቃሉ። ተመርጠው የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ የአስተዳደር ክፍያው አነስ ያለ፣ ከመላው ዓለም አክሲዮን የሚገዛ ምርጫ እንዲጨመር፤ ለተሳሳቱትም በሩ ዳግም እንዲከፈት። የድርጅቱ ኃላፊዎች የመጀመሪያውን ተቀበሏቸው። ለሁለተኛው ግን፣ በተሳሳተ ምክር መፈረማችንን የመከረን ሰው በጽሑፍ ያረጋግጥ አሉ።

የመከረን ሰው አልነበረም። ይህን ስምንታችንም እናውቃለን። ጋሽ ወርቅነህ «ልጆቹን ያሳሳትኳቸው እኔ ነኝ» ብለው ጻፉ። እጃቸውን ልይዝ ስል፣ «ተዪ ልጄ፣ እኔ መውጫዬ ደርሷል፤ ገና የምትቆዩት እናንተ ናችሁ» አሉኝና ፈረሙ።

በሩ ተከፈተልን፤ ሁላችንም ለዕድሜያችን የሚሆነውን መረጥን። እሳቸው ግን ከምክር ቤቱ እንዲወጡ ተደረገ። ወሬው ጉባኤው ዘንድ ሲደርስም ፖስታ ይዞ የሚመጣላቸው ሰው አነሰ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እየተባልኩ ነው ያደግኩትና እኔም ዝም አልኩ። መጀመሪያ እውነቱ ቢወጣ ምርጫው ይዘጋብናል ብዬ ፈራሁ። ቆይቼ ደግሞ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴን ለመናገር አፈርኩ። አንዱ እሑድ አልፎ ሌላው በመጣ ቁጥር መውጫው እየጠበበብኝ ሄደ። እሳቸው እንደ ወትሮው እጄን ጨብጠው ስለ እናቴ ጤና ይጠይቁኛል፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ታፍኜ ኖርኩ።

በቀብራቸው ዕለት አንድ የጉባኤው ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ወንድማችን ተሳስተው ነበር፤ ግን ስሕተታቸውን አርመው ሄዱ» አሉ። ስምንታችን በአንድ ረድፍ ተቀምጠን ነበር። የጋሽ ወርቅነህ ባለቤት እትዬ አስቴር ዘወር ብለው አዩን። አንዳችንም አልተነሣንም።

ጋሽ ወርቅነህ፣ እርስዎ ማንንም አላሳሳቱም። ሳናነብ የፈረምነው እኛ ነን፤ እያወቅን ዝም ያልነውም እኛ ነን። በዚህ ምክንያት ምርጫዬ ተመልሶ ከተዘጋብኝ ይዘጋ። ይህን ፊትዎ ቆሜ እንድናገር ስንት እሑድ ሰጥተውኝ ነበር፤ አልተጠቀምኩበትም። ይረፉ አባቴ። ዛሬ ከሰዓት ትራንስቫል ሄጄ ይህን ለእትዬ አስቴር ራሴ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቁጭ በይ ቢሉኝም፣ ውጪልኝ ቢሉኝም የእሳቸው ፈንታ ነው።