ማን ባረከልሽ?

እናቴ እውነቱን ብታውቅ ኖሮ ትበላው ነበር? ይህን ጥያቄ እስካሁን መመለስ አልቻልኩም።

በእኛ ዘንድ ዶሮ የሚያርድ ወንድ ነው። ወንድ የሌለበት ቤት ከሆነ፣ በበዓል ዋዜማ ሴቲቱ ዶሮዋን ይዛ ደጅ ትቆምና አላፊ አግዳሚውን "ባርክልኝ" ትላለች። በዚያ ፋሲካ ዋዜማ ግን ዝናቡ የከተማችንን የሚዛንን መንገድ ባዶ አድርጎት ነበር። እናቴ ታማለች፤ ሁለት ወር ጾማ ያማራት ዶሮ ወጥ ብቻ ነው። ዶሮውን ይዤ ደጅ መቆም ሲታክተኝ ጓሮ ገብቼ ራሴ አረድኩት። "በስመ አብ" ማለቱን አልረሳሁም፤ ከአሥራ ሁለቱ ብልት አንድም አላጓደልኩም።

"ማን ባረከልሽ?" አለች ከአልጋዋ።

"ጎረቤታችን መምህሩ" አልኳት። በሠላሳ ዓመቴ ፊደል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

እናቴ በላች፤ ጣቷን ላሰች። እኔን ግን ጉርሻው አልወርድ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሥጋ በአፌ አልዞረም። ለጠየቀኝ ሁሉ "ጨጓራዬ ነው" እላለሁ፤ ማስረዳቱ ይደክመኛል። እናቴ እስክትሞት ድረስ መምህሩን ባየቻቸው ቁጥር "እጅህ ይባረክ" ትላቸው ነበር።

ባለፈው ፋሲካ መምህሩ በሳህን ጥብስ ይዘውልኝ መጡ። "ጨጓራዬ" ብዬ ጀመርኩና ተውኩት፤ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"እኔ እንዳልባረክሁትማ አውቃለሁ" አሉ፣ ሳህኑን እንደያዙ። "ያን ፋሲካ ከከተማ ወጥቼ ማጂ ነበርኩ። እናትሽ ሲመርቁኝ ምን ልበል? አሜን አልኩ።"