ከሰማይ የሚወርደው መብራት

ባለፈው ሳምንት ሆሳዕና መናኸሪያ፣ የጃጁራ ሚኒባስ እስኪሞላ ጋቢና ተቀምጬ እጠብቅ ነበር። ሬዲዮው ስለ ሳይንስ ያወራል። የፀሐይን ኃይል ጠፈር ላይ ሰብስቦ ያለ ሽቦ ወደ ምድር መላክ ተሞክሮ፣ ለምልክት ያህል ጥቂት ደርሷል አለ። ሾፌሩ «ውሸት!» ብሎ ጣቢያውን ቀየረው። እኔ ግን ይህንኑ ለአባዬ የነገርኩበት ዘመን ትዝ አለኝ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ከመንደራችን ሆሳዕና ገብታ የምትማር ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጃጁራ ላይ ከመኪና ወርጄ፣ ያንን ጭቃ ረግጬ ቤት ስደርስ እናቴ ትኩስ ቆጮ በጎመንና በቅቤ ታቀርብልኛለች። አባዬ ደግሞ ሳልጎርስ «ምን ተማራችሁ?» ይለኛል። ፊደል አልቆጠረም፤ ጥያቄው ግን አያልቅም። የበልግ ዝናብ በጀመረበት ሰሞን የፊዚክስ መምህራችን ያስተማሩንን ነገርኩት፤ ወደፊት ከሰማይ ላይ በሞገድ መብራት እንደሚላክ። ለሞገድ በሀዲይኛ ቃል አጥቼ «እንደ ድምፅ ነው፤ ይሄዳል እንጂ አይታይም» አልኩት።

«ያለ እንጨት? ያለ ሽቦ?»

«ያለ ምንም፣ አባዬ።»

«መቼ?»

መምህሩ «ምናልባት አንድ ቀን» ነበር ያሉት። እኔ ግን ፊቱ ሲፈካ አይቼ፣ ጉራዬም አላስቀምጥ ብሎኝ፣ «እኔ ትምህርት ሳልጨርስ ይመጣል» አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መንደሩ ተሰብስቦ አገኘሁት። ከወረዳ የመጡ ሰዎች የመብራት መስመር ለመሳብ ከየቤቱ ለምሰሶ የሚሆን ባሕር ዛፍ ይጠይቃሉ። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለሆነ ቃሉ ይሰማል። ተነሣና «ዛፋችሁን አትቁረጡ፤ ለልጆቻችሁ ቤት ይሁን። መብራቱ በሰማይ እየመጣ ነው። የተማረ ሰው ነግሮኛል» አለ። ሴቶቹ መሀል ቆሜ ሰማሁት። ልናገር ፈልጌ ነበር፤ አፌ ተሳሰረ።

ሰው ሲበተን ተከትዬው እንሰቱ ውስጥ ደረስኩበት። ገና አፌን ሳልከፍት «ልጄ፣ ዛሬ አኮራሽኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን ይባላል?

ሰዉ አባዬን ሰምቶ ዛፉን ስለከለከለ መስመሩ ወደ ማዶው መንደር ዞረ። ማዶ ሲበራ ጎረቤቶች አባዬን «ኤርሲዶ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብህ እኮ!» እያሉ ይተርቡታል። አብሯቸው ይስቃል። ያ የተማረ ሰው ማን እንደሆነ ግን ለአንድም ሰው አልተናገረም።

ተመርቄ እኔም የፊዚክስ መምህርት ሆንኩ። አባዬ አልጋ ላይ በዋለበት ክረምት፣ ኩራዙን ወደ ፊቱ ሳስጠጋለት «ያ ነገር ገና ነው?» አለኝ።

«ገና ነው፣ አባዬ።»

«ይመጣል። አንቺ አትዋሺም።»

ያኔም አልነገርኩትም። በሦስተኛው ቀን አረፈ። መንደራችን መብራት ያገኘው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በዚያው በባሕር ዛፍ ምሰሶ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሣ። «ልጄ፣ ያንን ሬዲዮ መልሰው እስቲ» አልኩት ሾፌሩን።

«ኧረ እማማ፣ ውሸት ነው እኮ!»

ውሸቱ የእኔ ነው ልለው ነበር። አፌ ግን እንደዚያን ቀን ተሳሰረ፤ በመስኮቱ በኩል የሚያልፉትን ምሰሶዎች እያየሁ ጃጁራ ደረስኩ።