እናቴ የነቀለችው ትቦ

ስሙኝማ። በተለይ እንደኔ በጅማ ጭቃ ላይ ቆርኪ እየተጫወታችሁ ያደጋችሁ፣ ይህችን ሳትሰሙ እንዳታልፉ። ስለ ትንፋሽ ነው የማወራው። አየር በነፃ ነው የሚል ካለ ይምጣና እኔን ያናግረኝ።

ልጅ እያለሁ ቤታችን እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነበር። አባቴ አናጢ ነው፤ በርጩማና አልጋ የሚሠራው እኛው የምንተኛበት ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። ሰጋቱራው ተራራ ያክል ነበር፣ እኔና የሰፈር ልጆች እየዘለልን እንቀበርበታለን። የዋንዛ ሰጋቱራ ዝናብ ሲነካው የሚሸተው ሽታ ወላሂ ልዩ ነው። አሁንም መንገድ ላይ ሲሸተኝ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ደረቴን ጭንቅ ያደርገኛል። ሳሉ የጀመረኝ እዚያው ውስጥ ነዋ።

ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ክረምት ሳሉ ባሰብኝ፣ ትኩሳት ጨመረበት። ቅቤ አስዋጡኝ፣ በጋቢ ጠቀለሉኝ፣ ወይ ፍንክች። አንድ ቀን ጠዋት ውሃ ስጡኝ ልል ፈልጌ ቃሉን መጨረስ አቃተኝ። አባቴ አዝሎኝ ሆስፒታል ሮጠ። የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ሁላችሁም አንዱን ታውቃላችሁ።

የሕፃናት ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ልብስ ይሸታል። ሲስተር ጫልቱ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ወፈር ያለች፣ ሳቋ ከኮሪደሩ ማዶ የሚሰማ። ገና ስታየኝ ጋቢውን ገፋ አድርጋ ሸሚዜን ከፈተችው። ትንፋሽ ስስብ ጎድኔ ስር ስርጉድ ስርጉድ ይል ነበር። ሳቋን ዋጠችው። ትራስ ደርባ ቀና አድርጋ አስቀመጠችኝና፣ ጥግ ላይ የቆመውን ሲሊንደር እያንከባለለች አምጥታ ቀጭኗን የኦክስጅን ትቦ አፍንጫዬ ላይ አደረገችልኝ።

እናቴ ጮኸች። ሰፈራችን ውስጥ የታወቀ ነገር ነበራ፤ ኦክስጅን የተደረገለት ልጅ አይወጣም። የጎረቤታችን ልጅ ተደርጎለት ሞተ፣ የአክስቴም ልጅ እንደዚያው። ስለዚህ ገዳዩ ትቦው ነው ማለት ነው። ሲስተር ዞር ስትል እናቴ ከአፍንጫዬ ላይ ነቅላ ወረወረችው።

«ልጄን በቁሙ ልትገዪው ነው? እንቢ! አላስደርግም!»

«ስሚ እናቱ፣ ማንን ገደለ?»

«ሁሉንም ነዋ! እስቲ ይሄ ተደርጎለት ቤቱ የገባ አንድ ልጅ ጥሪልኝ!»

ሲስተር አልተቆጣችም። ትቦዋን አነሳች፣ በአልኮል ጠራረገቻትና የራሷ አፍንጫ ላይ ሰካቻት። ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

«ይኸው። ስሞት ትቀብሪኛለሽ።»

ማዶ አልጋ ላይ ልጃቸውን የሚያስታምሙ አባት ጣልቃ ገቡ፤ «ኧረ ሲስተር፣ አንቺ ከሞትሽ መርፌውን ማን ሊወጋልን ነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እናቴም እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

ያኔ ሲስተር ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጆቹን የገደላቸው ኦክስጅኑ አይደለም። ሁልጊዜ በእጃችን የሚገኘው አንድ የተሞላ ሲሊንደር ነው፤ ተራ የሚደርሳቸው ሊሞቱ ሲሉ ነው። ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል። ላንቺ ልጅ ግን በጊዜ ደርሶታል። ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ።»

እናቴ ራሷ መልሳ አደረገችልኝ። ቀዝቃዛ ነበር፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ሲሊንደሩ ላይ ያለችው ጠርሙስ ውስጥ ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፓስቲ አምጡልኝ አልኩ። እናቴ «አልሀምዱሊላህ፣ ሆዱ ተመለሰ» አለች።

ከሰዓት በኋላ ከሊሙ ገነት በኩል አንዲት ሴት ጨቅላ ሴት ልጅ ታቅፋ ገባች። ልጅቷ ፎዚያ ትባላለች፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ቀለም የጠጣ ይመስላል። ሲስተር ፎዚያን አየች፣ እኔን አየች፣ ሲሊንደሩን አየች። እናቴ ገባት። ጠዋት ነቅላ የወረወረችው ሴት አሁን በሁለት እጇ ጨመደደችው።

«አትነኪውም! ሌላ አምጡላት፣ ሆስፒታል አይደል እንዴ?»

«የለም እኮ ነው የምልሽ!»

ለካ ሊሞሉ የሄዱት ሲሊንደሮች ከአዲስ አበባ ሲመለሱ መኪናው ጅማ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው አሰንዳቦ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። እዚህ አፍንጫችን ስር! አባቴ ሌላ መኪና ይላክ ብሎ ቢሮ ለቢሮ ዞረ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው አሉት። መኪናዎቹስ? እነሱም ስብሰባ።

የፎዚያ እናት አማርኛ አትችልም። ልጇን ብቻ ከፍ አድርጋ ለእናቴ አሳየቻት። እናቴ አየቻት፣ ከዚያ ትቦውን በገዛ እጇ ከአፍንጫዬ ላይ ነቀለችው።

ሲስተር በርጩማዋን ሁለታችን መሀል አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ሳቃስት ወደኔ፣ ፎዚያ ስትጠቁር ወደሷ፤ እጇ አላረፈም። አመሻሽ ላይ፣ መግሪብ ሲቃረብ ፎዚያ ሞተች። ስትሞት ትቦው እኔ አፍንጫ ላይ ነበር። እናቷ ልጇን በነጠላ ከጠቀለለች በኋላ ወደ እናቴ ዞረችና በኦሮምኛ «ያንቺ ይደግልሽ» አለቻት።

አደግኩ። ከዘጠነኛ ክፍል ወጥቼ ባጃጅ እነዳለሁ። ሰሞኑን ደግሞ የእህቴን ልጅ ሳንባ ምች ይዞት እዚያው ክፍል ተኝቷል። ግድግዳው ተቀብቷል። ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚሠራ ማሽን ገብቷል፣ ማሻአላህ፣ ግን የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ጠፋ ማለት ጢጥ ብሎ ዝም። ጄኔሬተሩስ? ናፍጣ የለውም። ያኔ የምትቀረው አንዲት ሲሊንደር ናት። የዛሬ እናቶች ትቦ አይነቅሉም፣ አይፈሩትም፣ ይሻሙበታል እንጂ። ሲስተር ጫልቱ ጡረታ ወጥታለች፤ በቦታዋ ያለችው ልጅ እግር ነርስ ትናንት መብራት ሲጠፋ የእህቴን ልጅና አጠገቡ የተኛውን ሕፃን በየተራ ስታይ ዓይኗን አየሁት። እንደ እናቴ ያለ ሰው የት ታገኛለች በየቀኑ?

እናንተ ስብሰባ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ እኔ አልተማርኩም፣ ንግግር አላሳምርም። አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ፤ ዛሬ መብራት ሲጠፋ ከሁለቱ ልጆች ከአንዱ አፍንጫ ላይ ትቦውን የሚነቅለው ከእናንተ ማነው?