«እማማ፣ እኔን አያስገቡኝ»

የሥራ ባልደረቦቹ «ቄሴ» ይሉታል፤ ክህነት ኖሮት ሳይሆን መዋሸት ስለማይሆንለት ነው። ሃያ ዓመት ሽቦ ሲዘረጋ የኖረ ኤሌክትሪሻን ነው። ማክሰኞ ዕለት ብቻቸውን ለሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ የሻወር ውሃ ማሞቂያ ገጥሞላቸው ተመስግኖ ወጣ። በማግስቱ ምሳ ላይ፣ ኤሌክትሪክ ቢያፈተልክ ወደ መሬት የሚወስደውን ሽቦ ሳያስር ክዳኑን ገጥሞ መውጣቱ ትዝ አለው።

«ተወው፣» አለው አለቃው። «ስንቱ ቤት ያለሱ ይሠራ የለ? በገዛ እጅህ ስማችንን ልታጎድፍ ነው?»

«በእርጥብ እጃቸው ቢነኩትስ?»

«ቄሴ፣ ስብከትህን ለእሑድ አቆየው።»

ከሥራ እንደወጣ እየሮጠ ሄደ። አስተማሪዋ የበሩን ሰንሰለት ሳይፈቱ ብቅ አሉ።

«እማማ፣ ትንሽ የቀረች ነገር አለች፤ አምስት ደቂቃ ብቻ።»

«ጨርሻለሁ ብለህ አልነበር? ልጄ ነግሮኛል፤ ሥራ እየፈለፈሉ ይመላለሳሉ ብሎኛል።»

«ምንም አያስከፍልዎትም!»

«እሱማ ይበልጥ ያስፈራል!» ብለው ዘጉበት።

ሐሙስም ሄደ። ይባስ ብለው ጎረቤት ጠሩበት። ቄሴ ጆሮው እስኪግል ተናዶ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ከአምላኩ ጋር ሲጨቃጨቅ ሄደ፦ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ አልከኝ። እሺ፣ ወደድኩ! እሳቸው ግን እንደ ሌባ ያዩኛል። ምን ላድርግ፣ በመስኮት ልግባ?»

ቤት ሲደርስ ለሚስቱ ዘረገፈላት። ልብስ እያጠፈች ስትሰማው ቆየችና፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ብለሃቸዋል?» አለችው።

«የቀረ ነገር አለ ብያቸዋለሁ።»

«የቀረ ነገርና የረሳሁት ነገር አንድ ነው?»

አልዋሽም ሲል የኖረ ሰው፣ እውነቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ ይዞ ሲመላለስ መሰንበቱ አበሸቀው። ያም ሆኖ የተቆጣው በሚስቱ ላይ ነበር፤ ልክ ስለሆነች።

ዓርብ ጠዋት፣ ሥራ ሳይገባ፣ እዚያው በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ እኔን አያስገቡኝ። አንድ ሽቦ ሳላስር ረስቼ ሄጃለሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ማሞቂያው ሊገድልዎት ይችላል። አሁኑኑ ያጥፉትና የሚያምኑትን ሌላ ባለሙያ ይጥሩ። አጥፍቼዋለሁ እስኪሉኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ትክ ብለው አዩት። ሄደው አጠፉት። ሰንሰለቱን ግን አልፈቱም።

የመጣው ባለሙያ የታወቀ ጉረኛ ነበር። ሽቦውን አስሮ ሲወጣ፣ «ያ ሰውዬ እንኳን አልገደለዎት!» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። ወሬው አለቃው ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ሰፈር ሁለት ሥራ ተሰረዘባቸው፤ አለቃው ሳምንት ሙሉ ቄሴን ዘጋው።

«እህ፣ አሁንስ ቀለለህ?» አለችው ሚስቱ።

«ምኑ ይቀለኛል? ተናድጃለሁ!» አላት። ጫማውን ፈታና፣ «ዛሬ ጠዋት ፀጉራቸውን ታጥበው በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አየኋቸው። እንደምን አደሩ ብላቸው ፊታቸውን አዞሩብኝ» አለ።